ቀይዋ መኪና ምን ጠጣች

ቀይዋ መኪና ሞታ የተገኘችው ሐሙስ ጠዋት፣ ከጅዳ ወደብ ጀርባ ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሬሳዋ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። በሯ አልተሰበረም፣ መስታወቷ አልረገፈም፣ አራቱም ጎማዎቿ እንደተነፉ ነበሩ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከመካ እየፎከረች የወረደች ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና፣ በማግስቱ ቁልፍ ሲዞርላት እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ «እህ፣ እህ፣ እህ» ብላ ዝም አለች።

ሌላ ቀን ቢሆን ጉዳዩ የመካኒክ እንጂ የፖሊስ አይሆንም ነበር። ያን ዕለት ግን ሠርግ አለ። ባለቤቷ አብዱረሺድ መካ ነካሳ ሰፈር ሽቶ የሚነግድ፣ አያቱ ከወሎ ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ የተከበረ ሰው ነው። መኪናዋን ወደ አገሩ ከገባ ጣሊያናዊ መሐንዲስ የገዛት ለአንድ ልጁ ለዑስማን መሞሸሪያ ብሎ ነው። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆንም፣ ሞተሯ ሲነሳ የነካሳ ፍየሎች ያለወራቸው ይወልዳሉ እየተባለ ይወራላታል። ዑስማን ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በመግሪብ ሰዓት፣ በእሷ ተንፈላሶ ጅዳ ወዳለችው ሙሽራ ወደ ሱረያ ቤት ሊሄድ ነበር። ስለዚህ መኪናዋ አልነሳም ስትል አብዱረሺድ ሌላ መካኒክ አልፈለገም፤ ፖሊስ ጠራ። «ተመርዛብኛለች» አለ።

የሐበሻ ጉዳይ ሁሉ፣ የጠፋ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማም ሆነ የጠፋ ዶሮ፣ የሚወድቀው መርማሪ ሐሩን ጠረጴዛ ላይ ነው። ሐሩን ነካሳ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ፣ ከአብዱረሺድ ቤት አራት ቤት ዝቅ ብሎ ያደገ ሰው ነው። በምርመራ ሥራው አሥር ዓመት ሞልቶታል። ስለ መኪና የሚያውቀው ግን የት በኩል እንደሚቀመጡ ብቻ ነበር።

ጋራዡ ሲደርስ ገዳዩ ተይዞ ጠበቀው። መካኒኩ ሀብተወልድ እጆቹ በካቴና ታስረው ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ጎማ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ የጋራዡ ባለቤትና የመኖሪያ ዋሱ የሆነው ካፊሉ፣ የሀብተወልድን ፓስፖርት በእጁ እያራገበ ይንጎራደዳል። ነገሩን ለሐሩን በአጭሩ አስረዳው፤ አብዱረሺድ ክሱን እስከ መግሪብ ካላነሳ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ኹሩጅ ነው፣ ሀብተወልድ ወደ አገሩ ይሸኛል። እሱ በገዛ ጋራዡ መርዘኛ አያኖርም።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። አገር ቤት ደርግ ቁመቱ ከጠመንጃ የረዘመውን ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና እያፈሰ ነበር። ሀብተወልድም ታፍሶ ከተጫነበት ካምዮን ላይ ዘሎ፣ በአሰብ በኩል በጀልባ የተሻገረ ሰው ነው። ቢመለስ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ በአበባ እንደማይቀበሉት እሱም ያውቃል፣ ሐሩንም ያውቃል።

የአብዱረሺድ ክስ እንዲህ ነበር። ረቡዕ መኪናዋን ለማስፈተሽ ሲያስረክብ መካኒኩ ተዳፍሮታል። «ይህችን መኪና ለልጅዎ መስጠት ለፍየል ምላጭ መስጠት ነው» ብሎታል። ተጣልተዋል። ከዚያ ማንም ሳይነካት አደረች፤ ጠዋት ሞተች። ሌላ ማን ሊሆን ነው?

ሐሩን ካቴናውን ሲያይ የሰውየው ከንፈር እንደ ደረቀ አስተዋለ። ዘወትር ከእናቱ ቤት ሞልቶ ይዞት ከሚወርደው ኮዳ በክዳኑ ቀድቶ አጠጣው፣ ክዳኑንም በፖሊስ መኪናው ኮፈን ላይ ረሳው።

«መረዝካት?» አለው።

«ጌታዬ፣ እኔ መኪና የማድን እንጂ የምገድል ሰው አይደለሁም። ጠብ ያደረግሁት ከሰውየው ጋር ነው፣ እሷ ምን አደረገችኝ?»

«ታዲያ ምን ነካት?»

«እጄን ይፍቱልኝና በሩብ ሰዓት ልንገርዎት።»

«ገዳይ ሬሳ አይገንዝም» አለ አብዱረሺድ፣ በመኪናዋና በመካኒኩ መሃል እንደ አጥር ቆሞ። «አንዲት ብሎን እንዲነካ አልፈቅድም።»

ሐሩን ሁለቱን ተመለከተ። ከዚያ የደንብ ልብሱን እጅጌ ሰበሰበ። «እሺ፤ አንተ ንገረኝ፣ እጁ የእኔ ይሁን።»

ሀብተወልድ ከጎማው ላይ ሳይነሳ እንደ መምህር ጉሮሮውን ጠረገ። መኪና ለመነሳት ሦስት ነገር ትፈልጋለች አለ፤ የሚያዞራት፣ የሚለኩሳትና የምትጠጣው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ነው የምትተኛው። ቁልፉን እንዲያዞር ነገረው። ሐሩን አዞረ፤ «እህ፣ እህ፣ እህ።»

«ሲዞር ይሰማሉ? ብርቱ ነው። ባትሪና ሞተሪኖ ደህና ናቸው፤ አንዱ ከተጠርጣሪነት ወጣ። አሁን ከካንዴላው ላይ ወፍራሙን ገመድ ይንቀሉና ጫፉን ወደ ብረቱ አስጠግተው ይያዙ። ሌላ ሰው ቁልፍ ያዙር። ሲይዙት ግን ላስቲኩን...»

ሐሩን ላስቲኩን ሳይሆን ጫፉን ያዘ። እዚያ የነበሩ ሰዎች እንደሚምሉት፣ መርማሪው ሁለት ክንድ ወደ ላይ ነጠረ፤ ቆቡ ግን በጣሪያው ቀዳዳ ሄዶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

«እሳት አላት» አለ ሀብተወልድ፣ ሳቁን ለመዋጥ ወደ መሬት እያየ። «ሁለተኛውም ነጻ ወጣ። የቀረው የምትጠጣው ነው።»

ቤንዚን ወደ ካርቡራቶሩ የሚያደርሰውን ቀጭን ቱቦ አስፈታው፣ ጫፉንም ብርጭቆ ውስጥ አስከተተውና ቁልፉን አዙሩ አለ። ብርጭቆው ግማሽ ሞላ። ሐሩን ወደ ብርሃን አንስቶ ተመለከተው። ከላይ ቢጫ ነው፤ ከታች ደግሞ እንደ ዕንባ የጠራ ነገር ተኝቷል። ቢጫው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይቀላቀለውም።

«ውሃ ነው» አለ ሀብተወልድ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ማታ መኪናዋ ስትቆም ውሃው ረግቶ ካርቡራቶሩ ሥር ተኛ። ጠዋት የጠጣችው እሱን ነው። ጌታዬ፣ ይህ በራሱ አይገባም። ሰው ነው የጨመረው።»

አብዱረሺድ ብርጭቆውን ከመርማሪው እጅ ነጠቀ። «መጠጧን የበረዘ ሰው አለ ማለት ነው። ትናንት በጎማ ቱቦ ያጠባት ማን ነው? እሱ አይደለም?»

ማጠቡስ እውነት ነበር። ሀብተወልድ ራሱ አልካደም።

ካፊሉ አንድ ነገር ትዝ አለው። ረቡዕ ምሽት ከመግሪብ በፊት፣ በወደቡ መጋዘን የሚሠራው አወል ጀሪካን ይዞ መጥቶ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞሯት፤ አንዴም ሥሯ ገብቶ ነበር። አወል ማን እንደሆነ ለአብዱረሺድ መንገር አያስፈልግም። ባለፈው ዓመት ለሱረያ ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሌዎቹ ሻይ ጠጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ሰው ነው።

ሐሩን ጀሪካን፣ የተቀማች ሙሽራና ውሃ በአንድ ላይ ሲሰማ ጉዳዩ ያለቀ መሰለውና መኪናውን እዚያው ትቶ በእግሩ ወደ ወደቡ በረረ።

አወልን ከመርከብ በሚወርድ የሩዝ ጆንያ መሃል ቆሞ አገኘው። ሲጠየቅ አልደነገጠም፤ እንዲያውም ከት ብሎ ሳቀ። እጁን ይዞ ወደ መጋዘኑ ጥግ ወሰደውና ከአንድ ትልቅ ሳፋ ላይ ክዳን አነሳ። ውስጡ ጎልማሳ ጎልማሳ የባሕር ሸርጣኖች በውሃ ውስጥ ይታገላሉ።

«የሠርግ ስጦታዬ ነው። ሱረያ ሸርጣን ነፍሷ ነው። ባሏ መሆኑን ከለከሉኝ፤ ሸርጣን ማብላቱን ማን ይከለክለኛል?»

«መኪናዋን ለምን ዞርካት?»

ናሙና የሚሆን አንድ ሸርጣን ከባሕር ውሃ ጋር በጀሪካን ይዞ ወደ ሙሽራዋ ቤት ሲያልፍ፣ መኪናዋን ለማየት ጋራዡ ገባ። ቅናት አይደለም፤ ትንሽ ቅናት ነው። ጀሪካኑን መሬት ሲያሳርፍ ሸርጣኑ አምልጦ መኪናዋ ሥር ገባ። ፈልጎ ፈልጎ አጣው።

ሐሩን ያላመነ ፊት አሳየው። አወል ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ የባሕር ውሃ እንጂ ሌላ የለኝም። የጠረጠርከኝን ውሃ ፀሐይ ላይ አስጣው። የባሕር ከሆነ ጨውን ትቶ ይሄዳል። እኛ ወደብ ላይ ብረቱ ሁሉ የሚናገረው ይህንኑ ነው።»

ሐሩን ከጀሪካኑ ውሃ ቀድቶ ተመለሰ። ጋራዡ ሲገባ የጎማ ክምሩን አስነሳ። ከመጨረሻው ጎማ ሥር፣ አወል የጠራው ምስክር ክንዶቹን ዘርግቶ በጎን በጎን እየሄደ ወጣ።

ያም ሆኖ ሸርጣን ማምለጡ የባሕር ውሃ አልተጨመረም ማለት አይደለም። ሐሩን ሦስት የሻይ ሰሃን አስመጣ። በአንዱ ከመኪናዋ የወጣውን ውሃ፣ በሁለተኛው መኪናዋ የታጠበችበትን የጋራዡን የቧንቧ ውሃ፣ በሦስተኛው የአወልን የባሕር ውሃ ጠብ ጠብ አድርጎ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አሰጣቸው። የጅዳ የቀትር ፀሐይ ዶሮዋን ከነእንቁላሏ የምትጠብስ ስለሆነች ብዙ አላስጠበቀችም።

የባሕሩ ሰሃን ጨው ጋገረ። የቧንቧው ሰሃን እንደታጠበ ሆኖ ደረቀ፤ የጅዳ ቧንቧ ውሃ ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ነውና የሚተወው ነገር የለውም። የመኪናዋ ሰሃን ግን ሁለቱንም አልመሰለም። ከሥሩ እንደ ኖራ ያለ፣ ስስ፣ ነጭ ቀለበት ቀርቷል።

ስለዚህ የአወልም የጋራዡም ውሃ አይደለም። አብዱረሺድ ግን፣ መካኒክ ውሃ ከሌላ ቦታ ማምጣት አያቅተውም ሲል ነገሩን አላቆመም። ካፊሉ ሰዓቱን አየ። ሀብተወልድ የታሰሩ እጆቹን እየተመለከተ በሹክሹክታ የሚጸልይ ይመስላል።

ሐሩን ራሱ ደክሞት፣ ጠምቶት፣ ቆብ አጥቶ ወደ መኪናው ሄደ። ከኮዳው ሊቀዳ ክዳኑን ፈለገ። ጠዋት ለሀብተወልድ ያጠጣበት ክዳን እዚያው ኮፈኑ ላይ በፀሐይ ደርቋል። ሊቀዳበት ሲል እጁ ቆመ።

ከክዳኑ ሥር እንደ ኖራ ያለ፣ ስስ፣ ነጭ ቀለበት ነበር።

ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ከሰሃኑ ቀመሰ፤ ቤንዚን ቤንዚን ቢለውም ምላሱ ከአእምሮው ቀድማ አወቀችው። ከክዳኑም ቀመሰ። ከዚያ ጊዜ አላጠፋም፤ መኪናዋን ከመካ ነድቶ ያወረዳት ሙሽራ ወዳለበት ፀጉር ቤት ሄደ።

ዑስማንን ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ፣ ጉንጩ በአንድ በኩል ብቻ ተላጭቶ አገኘው። ሐሩን ትናንት መንገድ ላይ መኪናዋ ምን እንደሆነች ጠየቀው። «ምንም» አለ ሙሽራው። ሐሩን ፀጉር አስተካካዩን ወደ ጎን ጠራና በሕግ ስም ምላጩን እንዲያስቀምጥ አዘዘው። የሠርጉ ቀን ሰዓቱ እየሄደ፣ ግማሽ ጢም ይዞ መቅረት ምን እንደሚመስል ዑስማን በመስታወቱ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ አሰበበት።

«ለአባቴ አትንገር» አለ በመጨረሻ። «እሱ በሌላ መኪና ቀድሞኝ ነበር። ሦስት ጊዜ አሳላት። አንዴ ኬላውን እንዳለፍኩ፣ አንዴ ባህራ ላይ፣ አንዴ ጅዳ መግቢያ። እሽቅድድም ላይ ነበርኩ። በግ በጫነ ፒክአፕ ተቀደምኩ። ይህን ብነግረው የምሞተው ከሐፍረት ነው።»

«መካ በራፋችሁ ላይ ስትቆም ማን ተጠጋት?»

«ማንም። እኔ ልብስ እስክቀይር ማን ይጠጋታል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይፈራታል።» አረፋውን ከከንፈሩ ጠረገ። «ከእናትህ በቀር። ኻላ ነፊሳ ልትመርቀኝ መጥታ ደጅ ቆማ ነበር።»

ሐሩን ምላጩን ለአስተካካዩ መለሰለትና ወጣ።

ወደ መካ የሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከኬላው በፊት አንድ ትልቅ ሰሌዳ አለ፤ ሙስሊሞች ቀጥ በሉ፣ ሌሎች ወደ ጎን ታጠፉ ይላል። ሐሩን በሕይወቱ ሺህ ጊዜ አልፎታል፣ አንዴም አስቦበት አያውቅም። ዛሬ መኪናውን አቁሞ አነበበው። ሀብተወልድ አንገቱ ላይ ክር ያሰረ ክርስቲያን ነው። ከዚህ ሰሌዳ አንዲት እርምጃ አያልፍም። መኪናዋን ደግሞ ከመካ ስትወርድ ገና ኬላውን እንዳለፈች አስሏታል። ውሃው የገባው ከሰሌዳው ወዲያ ማዶ ነው። ሰሌዳው አሥር የዓይን ምስክር ያክላል፤ ጉቦ አይበላም፣ ቃሉንም አይለውጥም።

እናቱ ነፊሳ ነካሳ ዳገቱ ላይ ካለው ቤቷ ደጃፍ ሆና የሠርግ ልብሷን ታስተካክል ነበር።

«ሐሩኔ፣ ቆብህስ?»

«ተወሰደብኝ። እማ፣ አንድ ነገር እንደ ልጅሽ ሳይሆን እንደ ፖሊስ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«እንደ ፖሊስ ከሆነ ቁም፤ እንደ ልጅ ከሆነ ተቀመጥ።»

ሐሩን ቆመ። ረቡዕ ለቀይዋ መኪና ምን እንዳጠጣቻት ጠየቃት።

ነፊሳ አንድም አልሸሸገችም። ዑስማን እናቱ ወልዳው ስትታመም፣ ነፊሳ ከሐሩን ታናሽ ጋር በአንድ ጡት ያሳደገችው የጡት ልጇ ነው። ያን ልጅ ብስክሌት ላይ አይታዋለች፣ አህያ ላይ አይታዋለች፤ በሁለቱም መውደቅ አልቀረለትም። አሁን ይህን ነበልባል ሲሰጡት እንቅልፍ አጣች። ላይዋ ላይ ዘምዘም፣ ሐሩንም በኮዳው ይዞት የሚወርደውን የመካን የተባረከ ውሃ፣ ልትረጭ ሄደች። ከዚያ ግን አሰበች፤ ዘምዘም ለተጠጣለት ጉዳይ ነው ተብሏል። ተጠጣለት እንጂ ተረጨለት አልተባለም። ስለዚህ አፏን ፈልጋ አገኘችው፤ ቤንዚን የሚያጠጧት በዚያ አይደል?

«እንደ ሱናው በሦስት ትንፋሽ አጠጣኋት። ቢስሚላህ ብዬ ነው፤ ክፉ አልሠራሁም።»

«ስታጠጫት ምን ብለሽ ዱዓ አደረግሽ?»

ነፊሳ የልብሷን ጫፍ አስተካከለች። «ያ ረቢ፣ ሮጣ ልጄን ከምትገድልብኝ ቆማ ትቅር አልኩ።»

ሐሩን ያን ጊዜ ተቀመጠ። «ቆማ ቀርታለች፣ እማ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

«በእሷ ሰበብ ግን አንድ ሰው ታስሯል። መካኒኩ። ክሱ ካልተነሳ ወደ ደርግ ይልኩታል።»

የነፊሳ ፊት ተለወጠ። ሠርግ የለ፣ ልብስ የለ፤ አባያዋን ጎትታ ተነሳች። ሐሩን መኪናውን እስኪያስነሳ እንኳ አልጠበቀችም፤ ዳገቱን በእግሯ ስትወርድ ከታች ነው የደረሰባት።

ጅዳ ሲደርሱ ዐስር ተሰግዷል። ጋራዡ ውስጥ ነፊሳ የመጀመሪያዋን ቃል የተናገረችው ለአብዱረሺድ ነበር። የመረዘቻት እሷ እንደሆነች፣ ካቴና ካለም እጇን እንደምትዘረጋ ነገረችው። አብዱረሺድ የልጁን የጡት እናት ሊከስ ነው? ሐሩን ሰሃኑንና ክዳኑን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያስረዳው፣ ስለ ፒክአፑና ስለ በጎቹ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ «በመንገድ ላይ አስሏታል» ብሎ አለፈው። አብዱረሺድ መሬት መሬት እያየ ሀብተወልድ ዘንድ ሄደ።

«አንተ ሰው፣ በደልኩህ። ዐፉ በለኝ።»

«እኔ ይቅር ብያለሁ፤ እጄን ይፍቱልኝና እሷን ልጠይቅ» አለ ሀብተወልድ።

ካፊሉ ፓስፖርቱን ወደ መሳቢያው፣ ኢቃማውን ወደ ሀብተወልድ ኪስ መለሰ። ካቴናው ሲወልቅ መካኒኩ የእጅ አንጓዎቹን እንኳ አላሻሸም። ታንከሩን አራግፎ አጠበ፣ ካርቡራቶሩን ፈትቶ እያንዳንዷን ቀዳዳ በአየር ነፋ፣ አዲስ ቤንዚን ሞላ። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ልትገባ ስታዘቀዝቅ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ አንዴ አነጠሰች፤ ከዚያ እንዲህ ጮኸች አሉ፣ ወደቡ ላይ የቆመ የግሪክ መርከብ ሌላ መርከብ የጠራው መስሎት መለከቱን ነፍቶ መለሰላት።

ነፊሳ ሁለት ነገር አዘዘች፤ ሙሽራ ዛሬ መሪ አይዝም፤ የሚነዳው ይህ ሰው ነው፣ ያውም እንደ ግመል እርምጃ። ሁለት ጉንጩን ተላጭቶ የመጣው ዑስማን ሊከራከር አፉን ሲከፍት፣ ሐሩን ስለ በግ ዋጋ ማውራት ጀመረ። ዑስማን ተቻኩሎ በቀኝ በኩል ገባ።

ሀብተወልድ መሪው ላይ ሲቀመጥ ነፊሳ በመስኮቱ በኩል የሐሩንን የዘምዘም ኮዳ ዘረጋችለት። ያስጨነቀችው ሰው ነው፤ ልትክሰው የምትችልበት ከዚህ የከበረ ነገር የላትም። ሀብተወልድ ኮዳውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ወደ መኪናዋ ታንከር አየት አደረገ፣ ከዚያ አፉ ላይ ደፍቶ ጨለጠው። ጠብታ እንዳልቀረ ገልብጦ አሳየ።

«የዘምዘም ጠጪ የሚፈልገውን በልቡ ነይቶ ነው የሚጠጣው» አለች ነፊሳ። «ምን ብለህ ነየትክ፣ ልጄ?»

«እማማ፣ ሁለተኛ እጅዎ ታንከር እንዳይከፍት ብዬ።»

ነፊሳ ትንሽ አሰበችበት፤ ከዚያ ሁለት እጆቿን ወደ ፊቷ አነሳች።

«አሚን» አለች።